የአምስት ዶላሩ አቤቱታና የአንድ ዓመቱ ሰዓት

ከላስ ቬጋስ

እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2025 ዋሽንግተን ውስጥ በሴኔት ኮሚቴ ፊት የቀረቡት የወቅቱ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ክሪስቲ ኖም «ሐቢየስ ኮርፐስ ምንድን ነው?» ተብለው ተጠየቁ። ሚኒስትሯም ፕሬዚዳንቱ ሰዎችን ከዚህ አገር ለማስወጣት ያላቸው ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ብለው ዐረፉት። ጠያቂዋ የኒው ሃምፕሸሯ ሴናተር ማጊ ሃሰን ስህተት መሆኑን እዚያው ነገሯቸው። ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ የዋይት ሃውሱ ስቴፈን ሚለር ይህንኑ መብት ስለማገድ መንግሥት እየመከረበት መሆኑን ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር።

ንግግሩ በእኛም መንደር ሲያነጋግር ሰነበተ። በዲኬተር መንገድ ካሉት ቡና ቤቶቻችን እስከ ኤርፖርቱ ታክሲ ተራ ድረስ «እንግዲህ እዚህም ተከትሎን መጣ» ያላለ ጥቂት ነው። ያለፍንበትን የሚያውቅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሳይባል የቀረ መሰለን። ሁሉም የጮኸው መብቱ በአዋጅ ይታገዳል ተብሎ በተፈራበት በዋናው በር ላይ ነው። በጓሮ በኩል ያለው በር ግን ከ1996 ጀምሮ፣ ያለ ጩኸት፣ በምክር ቤት ድምፅና በፕሬዚዳንት ፊርማ ሲጠብ ኖሯል። በዚያ በር የሚያልፉት በስቴት ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው በስቴት ወህኒ ቤት የተቀመጡ እስረኞች ናቸው። ከነሱ መካከል የእኛ ልጆች የሉበትም ብሎ የሚምል ሰው ያለ አይመስለንም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህኛው በር ነው። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያውን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን።)

ሐቢየስ ኮርፐስ ላቲን ነው፤ «አካሉን ይዘህ ቅረብ» እንደማለት ነው። የኢትዮጵያ ሕግ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይለዋል። አባቶቻችን ላቲኑን ሳይሰሙ ነገሩን ያውቁት ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ያነሣውን ዱላ ያወርዳል፤ ባለጋራዎቹም ነጠላ ለነጠላ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ፍሬ ነገሩ አሳሪው በራሱ ድርጊት ላይ ራሱ ዳኛ አይሁን፣ ሌላ ሰው ይየው ነው።

አሜሪካኖች ይህን መብት በሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ አስፍረውታል፤ ዐመፅ ወይም ወረራ ደርሶ የሕዝብ ደኅንነት ካላስገደደ በቀር አይታገድም ይላል። የፌዴራል ዳኛ የስቴትን እስረኛ ጉዳይ የማየት ሥልጣኑ ግን መጀመሪያ ላይ እጅግ ጠባብ ነበር። ያሰፋው የ1867ቱ ሕግ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከባርነት የወጡት ጥቁሮች በደቡብ ስቴቶች ዳኞች እጅ ፍትሕ ያገኛሉ ብሎ በሙሉ ልቡ የሚያምን የኮንግረስ አባል ብዙ አልነበረም። ስለዚህ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውጭ የታሰረ ሰው፣ ያሰረው ስቴት ቢሆንም እንኳ፣ ለፌዴራል ዳኛ አቤት ይበል ተባለ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማወቅ የኔቫዳን አሠራር ማየት ይበቃል። እዚህ አቃቤ ሕጉ ተመራጭ ነው፤ ዳኛውም ተመራጭ ነው። በየምርጫው ሰሞን በየመንገዱ ዳር የዳኞች ፎቶ ተሰቅሎ «ወንጀል ላይ ጠንካራ» ሲባል እናያለን። ነፍሰ ገዳይ ፈታሁ ብሎ የተመረጠ ሰው ግን እስካሁን አላየንም። በላስ ቬጋስ ቡልቫርድ ደቡብ ላይ በሚገኘው የሎይድ ጆርጅ ሕንፃ የሚያስችሉት የፌዴራል ዳኞች በአንጻሩ የዕድሜ ልክ ሹመት ያላቸው ናቸው፤ ማንም ድምፅ ነፍጎ አያወርዳቸውም። አቤቱታውን ለማስገባት የሚከፈለው አምስት ዶላር ነው። አምስት ዶላር! እሱም የሌለው በነፃ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ቅጹ በእጅ ጽሑፍ ይሞላል። ድኻ ተከሳሽ ሁሉ ጠበቃ ይቁምለት የሚለው ታላቅ ፍርድ በ1963 የተሰጠው፣ ክላረንስ ጊዲዮን የተባለ የፍሎሪዳ እስረኛ ከወህኒ ቤት ሆኖ በእርሳስ በጻፈው አቤቱታ መነሻ ነበር።

አሁን ወደዚሁ ወደ ከተማችን ጉዳይ እንምጣ።

በ1992 በጋ አንድ የሰርከስ ሰው እዚህ ላስ ቬጋስ ተጎታች ቤቱ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ። ፍሬድ ስቲስ የተባለ ሰው ተያዘና ከሰዓታት ምርመራ በኋላ የእምነት ቃል ሰጠ። ኋላም ቃሉን ካደ፤ ግድያው በተፈጸመበት ጊዜ አይዳሆ ነበርኩ አለ። አይዳሆ አይተነዋል የሚሉ ሰዎችም ቀረቡ። አቃቤ ሕግ ያያችሁት እሱን ሳይሆን ወንድሙን ነው ብሎ ተከራከረ። በ1995 ስቲስ ጥፋተኛ ተባለ፤ ያለ ፓሮል የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የስቴቱ ይግባኝ አልረዳውም።

ነገሩ የተገለበጠው መዝገቡ በላስ ቬጋስ የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች እጅ ከገባ በኋላ ነው። ጠበቆቹና መርማሪዎቻቸው አይዳሆ ነበርኩ ያለውን የሚደግፍ፣ አቃቤ ሕግም ለመከላከያው ሊሰጠው ይገባ የነበረ ማስረጃ ቆፍረው አወጡ። የፌዴራል ሕጉ ግን እስረኛው አዲስ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ ለስቴቱ ፍርድ ቤት ያሰማ ይላልና ጉዳዩ ወደ ስቴቱ ችሎት ተመለሰ። በኦክቶበር 2012 የክላርክ ካውንቲ ዳኛ ኤሊሳ ካዲሽ ስቲስ ንጹሕ ሰው መሆኑን በትእዛዝ አወጁ። በስህተት ተፈርዶበታል ብቻ አላሉም፤ ንጹሕ ነው አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ሰውየው በዚያው ዕለት ቤቱ የገባ ይመስልህ ይሆናል። አልገባም። አቃቤ ሕግ ውሳኔውን እንደሚቃወም አስታወቀ። ሙግቱ እስኪያልቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም፤ ሰውየው ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ታስሯል። ከዚያ አንድ መደራደሪያ ቀረበለት። በቀለለ የግድያ ክስ ይስማማ፣ የታሰረው ይበቃዋል፣ ዛሬውኑ ይውጣ። ስምምነቱ የሕግ ሰዎች «አልፎርድ» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ተከሳሹ አላጠፋሁም እያለ፣ መንግሥት ያስፈርድብኛል ብሎ በወረቀት ይቀበላል። ስቲስ በ2013 መጀመሪያ ላይ ፈርሞ ወጣ። ዳኛ ንጹሕ ያሉት ሰው የነፍሰ ገዳይ መዝገብ ተሸክሞ ወጣ ማለት ነው። ጋዜጠኞች ጉዳዩን በሰፊው ካወጡት በኋላ የኔቫዳ የምሕረት ቦርድ በኖቬምበር 2017 ሙሉ ይቅርታ ሰጠው። ጉዳዩን በችሎት የያዙት ሁለቱ አቃቤያነ ሕግ ያን ጊዜ ዳኞች ሆነው ነበር።

በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ያልነው አሜሪካን ለማሳጣት አይደለም። እንዲያውም የሚደንቀን ሌላ ነው። የሌላ ቤት ጠበቃ፣ ከሌላ ቤት ደመወዝ እየተከፈለው፣ የተዘጋ መዝገብ ሊከፍት ቻለ። የስቲስ ዓይነቱ አቤቱታ ግን ዛሬ ቢጀመር እስከዚያ መድረሱን እንጠራጠራለን። የምንጠራጠርበትን ምክንያት እንናገር።

በኤፕሪል 1995 ኦክላሆማ ሲቲ በቦምብ ተመታችና 168 ሰው አለቀ። ምክር ቤቱ የፀረ ሽብር ሕግ ለማውጣት ተጣደፈ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በኤፕሪል 24 ቀን 1996 የፈረሙት ሕግ ግን ሽብርተኛውን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ በሆዱ ውስጥ የስቴት እስረኞችን አቤቱታ የሚያጠብብ ክፍል ይዞ ነበር። ሽብር በሚል ስም የወጣ ሕግ ሽብር የማያውቀውን ሰው ሲይዝ እኛ ኢትዮጵያውያን አዲስ አይሆንብንም፤ የ2001 ዓ.ም.ን የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ያየ ያውቀዋል። ልዩነቱ የአሜሪካው ሰውን ለማሰር ሳይሆን የታሰረው እንዳይጮህ ለማድረግ መዋሉ ነው።

ሕጉ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛው፣ የፌዴራል ዳኛው የስቴቱ ፍርድ ቤት ተሳስቷል ብሎ ማመኑ ብቻ እንዳይበቃ አደረገ። ስህተቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ግልጽ ፍርድ የሚጻረር ወይም ምክንያታዊ ሊባል የማይችል መሆን አለበት። በ2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የበለጠ አጠበቀው፤ ቅን አሳቢ ዳኞች ሊለያዩበት የሚችሉበት ጉዳይ ከሆነ የስቴቱ ውሳኔ ይጸናል፣ የስቴቱ ፍርድ ቤት ምክንያቱን ባይጽፍም እንኳ ይጸናል አለ። እንግዲህ ይታያችሁ። ዳኛው «ተሳስተዋል፤ ግን ስህተታቸው ልክ ያለፈ አይደለም» ብሎ ሰውየውን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በ2007 ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ከሞት ፍርድ ውጭ ባሉት ጉዳዮች አቤቱታው የተሳካለት እስረኛ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። እኛ ከሁሉ በላይ ወገኖቻችን እንዲያውቁት የምንፈልገው ይህን ነው። ከ1996 በፊት የተወሰነ ቀን አልነበረም። አሁን እስረኛው አንድ ዓመት አለው። ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው በመደበኛው አካሄድ ይግባኙ ሲያበቃ ነው። እስከ ኔቫዳ የበላይ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ለዋሽንግተኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያመለክትበት 90 ቀን ይጨመርለታል። ይግባኝ ያልጠየቀ ሰው ግን የ30 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ ሲያልፍ ሰዓቱ መምታት ይጀምራል።

ወጥመዱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የኔቫዳ ስቴት ራሱ ከፍርድ በኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ አንድ ዓመት ይሰጣል። ሰው ሁሉ «ስቴቱ አንድ ዓመት ሰጥቶኛል፣ ከዚያ ወደ ፌዴራል እሄዳለሁ» ብሎ ያስባል። አይደለም፤ ሁለቱ ሰዓቶች ባብዛኛው ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። የስቴቱ አቤቱታ በደንቡ ከገባ የፌዴራሉ ሰዓት ይቆማል፤ የቆመው ግን የተበላውን አይመልስም። ይግባኝ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ለስቴቱ በአሥራ አንደኛው ወር ቢያመለክት፣ ከስቴቱ መልስ በኋላ ለፌዴራሉ የሚቀረው የሳምንታት ዕድሜ ነው። ለስቴቱ ያስገባው ጊዜው አልፎበት ከነበረ ደግሞ እንዳላስገባ ይቆጠራል፤ በ2005 እንዲህ ተብሎ ተፈርዷል። ቀደም ብለን በጠቀስነው ጥናት ከአምስት መዝገብ አንዱ ያህል የተዘጋው በዚሁ በጊዜ ገደብ ነበር። የፍሬ ነገሩ ክርክር ሳይሰማ ማለታችን ነው።

በዚህ ዓመት ውስጥ የሚቆምለት ጠበቃስ አለ ወይ? የሞት ፍርደኛ ካልሆነ በቀር ጠበቃ የማግኘት መብት የለውም። ዳኛው ካመነበት ይመድብለታል፤ የላስ ቬጋስ የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆችም ለዚህ የተለየ ክፍል አላቸው። ለዚያ የሚበቃው ግን መጀመሪያ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አስገብቶ፣ በጊዜው የደረሰ እስረኛ ነው። እንግሊዝኛው ያልሰላ የአገራችን ልጅ ኢንዲያን ስፕሪንግስ በረሃ ውስጥ ሃይ ዴዘርት ወህኒ ቤት ተቀምጦ የሕግ ቅጽ ሲሞላ አስቡት።

ስለ ማኅበረሰባችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንድ ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን፣ ዕድር እንጠራለን፣ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በአንድ ሌሊት ገንዘብ እናዋጣለን። ልጅ ሲታሰር ግን ቤተሰቡ መጋረጃውን ይዘጋል። «ለትምህርት ሌላ ስቴት ሄዷል» ይባላል። የንስሐ አባትም አይነገራቸውም። ገመናን መሸፈን ደግ ልማዳችን ነው፤ አንንቀውም። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ዓመት ነገሩ የሚደበቅበት ዓመት ነው፤ ቤተሰቡ ከሐፍረቱ ወጥቶ ሰው ማማከር ሲጀምር ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዓመት ገብቷል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጠበቃ፣ ሐቀኛ ከሆነ፣ የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ ዘግይቷል። ሐቀኛ ያልሆነው ደግሞ ገንዘቡን ይቀበላል።

ለዘገየ ሰው የተተወ ቀዳዳ የለም ማለት አይደለም። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እስረኛው በትጋት ሲከታተል ቆይቶ ከአቅሙ በላይ የሆነ ልዩ ነገር ከገጠመው ጊዜው ሊራዘምለት ይችላል ብሏል። በ2013 ደግሞ ንጹሕነቱን በአዲስና ጠንካራ ማስረጃ ያሳየ ሰው ቀኑ ቢያልፍበትም በሩን ሊያልፍ እንደሚችል ወስኗል። ጠበቃዬ ዘነጋው፣ ሕጉን አላወቅሁም፣ ቋንቋው ከበደኝ የሚለው ግን እንዲሁ በቀላሉ አይሰማም።

የጎረቤታችን የአሪዞና ጉዳይ ደግሞ ከኔቫዳው ይብሳል። ባሪ ጆንስ የተባለ ሰው በ1995 በአንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ሞት ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈርዶበት ነበር። የችሎቱ ጠበቃው የሕክምና ማስረጃውን በወጉ አልመረመረውም፤ ከፍርድ በኋላ ለስቴቱ አቤቱታ ያቀረበለት ጠበቃም ያንኑ ደገመው። በ2018 የፌዴራል ዳኛ ማስረጃውን ሰምቶ ፍርዱን ሰረዘ። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ የፌዴራል ዳኛው ያንን ማስረጃ መስማት አልነበረበትም አለ፤ በስቴቱ መዝገብ ውስጥ ያልገባ ነገር፣ ያላስገባው ሰነፍ ጠበቃ ቢሆንም፣ የእስረኛው ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል ማለት ነው። ጆንስ በሰኔ 2023 የወጣው በፍርድ ቤት አይደለም፤ ከአቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ፣ ሕፃኗን ወደ ሐኪም አላደረስኩም በሚል በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኝነቱን ተቀብሎ ነው። እሱም እንደ ስቲስ ፈርሞ ወጣ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው፤ የነዚህ ሰዎች በቅሎም ጭብጦም የሄደችው በፍርድ ስም ነው።

«ታዲያ ከኢትዮጵያው ምን ለየው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ብዙ ለየው።

የኢትዮጵያ ሕግ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ ካልቀረበ የአካል ነፃነቱን ፍርድ ቤት ይጠይቅ ይላል። የአንድ ዓመት ሰዓትም የለበትም። እርግጥ የኢትዮጵያው አቤቱታ የተፈረደበትን ሰው ፍርድ አያስመረምርም፤ እሱ የሰበር ችሎት ሥራ ነው። የኢትዮጵያው ችግር በሩ መጥበቡ አይደለም፤ ትእዛዙን ይዞ የወጣው ሰው ከደጅ መታፈኑ ነው።

በ1993 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢዎቻችን አትዘነጉትም። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍ/ቤት ዳኛ የነበሩት ወ/ት ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ወዲያውም ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ጉዳዩ የዋስትና እንጂ የሐቢየስ ኮርፐስ አልነበረም፤ በሽታው ግን አንድ ነው። ስዬ ስድስት ዓመት ገደማ ታሰሩ፤ ዳኛዋም በተራቸው ሁለት ጊዜ ወህኒ ወረዱ። እኛ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንባቸው ዓመታት «ፍርድ ቤቱ አዘዘ» የሚለው ዜና ለመታተም ብዙም አይከብደውም ነበር። ትእዛዙ ተፈጸመ ወይ ብሎ በማግሥቱ የሚጠይቀው ዜና ግን ገጽ አይገኝለትም።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም መልኩ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2022 እንዳስታወቀው፣ ፍርድ ቤት እንዲለቀቁ አዝዞ ወይም አቃቤ ሕግ መዝገባቸውን ዘግቶ ሳለ የኦነግ አመራሮች ቡራዩ በፖሊስ እጅ ቆይተዋል፤ የወጡት በ2024 ነው። በጥቅምት 2014 እና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማሰርን በግልጽ ፈቀዱ። ከአዲስ አበባ ተይዘው አዋሽ አርባ የተወሰዱት ሰዎች ቤተሰቦች አቤቱታውን የሚያስገቡበትን ፍርድ ቤት ከማወቃቸው በፊት የታሰሩበትን ቦታ መፈለግ ነበረባቸው። ስቴፈን ሚለር «ማገድ» ሲሉ የደነገጥነው ቃሉን ከነትርጉሙ ስለምናውቀው ነው።

ከዚያ የመጣ ሰው የአሜሪካን ፍርድ ቤት ሲያይ «እዚህማ ዳኛ ካዘዘ ይፈጸማል» ብሎ ይረጋጋል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ይህ መረጋጋት ግን ያዘናጋል። ትእዛዝ የሚከበርበት አገር መብትን ለመንፈግ ፖሊስ በር ላይ ማቆም አያስፈልገውም። ዳኛው እንዳያዝ ማድረግ ይበቃል። ሁለቱን እኩል ናቸው አንልም፤ ከማዕከላዊ የወጣ ሰው እኩል ናቸው ቢባል ይቆጣል፣ ልክም ነው። ነገር ግን የአንዱን በሽታ ብቻ ለይቶ ማወቅ ሌላውን እንዳናይ አድርጎናል።

ወህኒ ያልገቡትንም የሚነካ ነገር አለ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኬንታኪ ውስጥ በተከሰሰ አንድ የሆንዱራስ ተወላጅ የጭነት መኪና ሾፌር ጉዳይ፣ ዜግነት የሌለውን ሰው ጥፋተኝነት የሚያሳምን ጠበቃ ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል አስቀድሞ ሊነግረው ግዴታ አለበት ብሎ ፈረደ። መልካም ፍርድ ነው። በ2013 ግን ከዚያ በፊት መዝገባቸው ለተዘጋ ሰዎች አይሠራም ተባለ። ሌላው ደንብ የባሰ ነው። የፌዴራል አቤቱታ የሚያቀርበው ሰው በሚቃወመው ፍርድ ምክንያት በእስር፣ በፓሮል ወይም በፕሮቤሽን ላይ ያለ መሆን አለበት። ቅጣቱን ጨርሶ የወጣ ሰው በሩ ተዘግቶበታል፤ በ1989 ተፈርዷል። «ፈርም፣ ፕሮቤሽን ነው፣ ቤትህ ትገባለህ» የተባለ ግሪን ካርድ ያዥ ወገናችን ፈርሞ፣ ፕሮቤሽኑን በሰላም ጨርሶ፣ ከዓመታት በኋላ ኢሚግሬሽን ቢይዘው ያን የስቴት ፍርድ በፌዴራል ሐቢየስ ማስሰረዝ አይችልም። ሄንደርሰን ወይም ፓራምፕ በኢሚግሬሽን መታሰሩ ለዚህ እንደ እስር አይቆጠርለትም።

በኢሚግሬሽን የተያዘ ሰው እስሩን ራሱን የሚቃወምበት አቤቱታ ሌላ ነው፤ በ2025 በየፌዴራል ፍርድ ቤቱ እንደ ጎርፍ የፈሰሰው እሱ ነው፤ የአንድ ዓመቱ ሰዓት አይመለከተውም። ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች በየማኅበራዊ መገናኛው እየበዙ ስለሆነ ለይተን መናገሩ ይሻላል።

ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ጓደኛው በኔቫዳ ፍርድ ቤት የተፈረደበት አንባቢ ዛሬውኑ ሊይዘው የሚገባው ቀኖቹን ነው፤ ፍርዱ የተመዘገበበትን፣ ይግባኝ ተጠይቆ ከሆነ ያበቃበትን፣ ለስቴቱ አቤቱታ የገባበትንና የተመለሰበትን። ፍርዱ የተሰጠው ላስ ቬጋስ ከሆነ መዝገቡ በሌዊስ ጎዳና በሚገኘው የካውንቲው ፍርድ ቤት ይገኛል። ጠበቃ ስትጠይቁ «ያሸንፋል ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «የፌዴራሉ ሰዓት ስንት ቀን ቀረው?» በሉ። እስረኛው ራሱ ጽፎ የሚልክ ከሆነ ጠበቃ የሌለው ሰው አቤቱታ እንደገባ የሚቆጠረው ፍርድ ቤት በደረሰበት ቀን ሳይሆን ለወህኒ ቤቱ የፖስታ ተቀባይ ባስረከበበት ቀን ነው፤ ከ1988 ጀምሮ ደንቡ ይህ ነው። ስለዚህ ያስረከበበትን ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቅጂውን ለቤተሰብ ይላክ። አምስት ዶላሩን ሌላ ሰው ሊከፍልለት ይችላል።